የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ብቃት ተኮር ትምህርትና የልጆቻችን ምርጫ

የትምህርት ዘመኑ ሊጠናቀቅ ሲቃረብ ወደ ዝግጅት ክፍላችን ከሚደርሱት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚጠይቁ ሆነዋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ሥራ የገባው ብቃት ተኮር ሥርዓተ ትምህርት፣ ተማሪው የተማረውን ይዞ እንዲቆይ ብቻ ሳይሆን ባወቀው እንዲሠራበት፣ በዚያውም ዝንባሌውንና ችሎታውን እንዲለይ ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ወላጆች፣ መምህራንና ተማሪዎቹ ራሳቸው ግን ይህ ሐሳብ በክፍልና በቤት ውስጥ ምን መልክ እንደሚኖረው ማወቅ ይፈልጋሉ። ከመሃል አዲስ አበባ ከተላኩልን ደብዳቤዎች አምስቱን መርጠናል። የጸሐፊዎቹን ስም አላወጣንም፤ ረዘም ያሉትንም አሳጥረናቸዋል።

«ልጄ ምን እንደምትፈልግ አታውቅም»

«ጤና ይስጥልኝ። ልጄ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ በመስከረም ናቹራል ወይም ሶሻል መምረጥ አለባት። ውጤቷ በሁሉም ትምህርት ተቀራራቢ ነው፤ ከ75 አይወርድም፣ ከ82 አይበልጥም። ምን መሆን እንደምትፈልግ ስጠይቃት ‹እኔ እንጃ፣ እማዬ› ትለኛለች። አባቷ ሐኪም እንድትሆን ይፈልጋል። በስልክ የሚሠራ የዝንባሌ መለኪያ አለ፣ ክፈዪላትና ትፈተን ያሉኝም አሉ። አዲሱ ትምህርት ልጆች ራሳቸውን እንዲያውቁ ያደርጋል ከተባለ የእኔ ልጅ ለምን አላወቀችም? መለኪያውንስ ልክፈልላት?» (እናት፣ ከአራት ኪሎ)

በዚህ ዕድሜ «እኔ እንጃ» ማለት ጉድለት አይደለምና ስለዚህ አይጨነቁ። ኤሪክ ኤሪክሰን የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ የጉርምስና ዘመን ዋነኛ ተግባር «እኔ ማን ነኝ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መፈለግ መሆኑን አስተምሯል። የእርሱን ሐሳብ ተከትሎ ጄምስ ማርሽያ በ1966 እ.ኤ.አ. ወጣቶችን በሁለት መመዘኛ አያቸው፤ አማራጮችን መርምረዋል ወይ? በአንዱስ ጸንተዋል ወይ? ከዚህ አራት ሁኔታዎች ተገኙ። ያልመረመረም ያልጸናም ወጣት አለ፤ በመመርመር ላይ ያለ ነገር ግን ገና ያልጸና አለ፤ መርምሮ የጸና አለ፤ አራተኛው ደግሞ ሳይመረምር የጸና ነው።

በእኛ ቤቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚመሰገነው ይህ አራተኛው ነው። ልጁ ገና መዋዕለ ሕፃናት ሳለ እንግዳ ፊት «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ «ዶክተር» ሲል ይጨበጨብለታል፤ እስከ 12ኛ ክፍልም ያንኑ መልስ ይደግማል። ያ ልጅ ከእርስዎ ልጅ ይልቅ ራሱን ያወቀ ይመስላል፣ ነገር ግን መልሱ የእርሱ መሆኑን አንድም ቀን አልፈተነውም። የእርስዎ ልጅ ቢያንስ ያልሆነችውን ነኝ አላለችም። የሚያስፈልጋት መልስ ሳይሆን የምትመረምርበት ነገር ነው።

ስለ መለኪያው ልመልስልዎ። በስልክ ከሚገኙት መካከል ብዙዎቹ መነሻቸው ጆን ሆላንድ በ1959 እ.ኤ.አ. ያቀረበው አስተሳሰብ ነው። ሆላንድ የሰዎችን የሥራ ዝንባሌ በስድስት ከፈለው፤ በእጅና በመሣሪያ መሥራት የሚወዱ፣ መመራመር የሚወዱ፣ በኪነ ጥበብ የሚሳቡ፣ ሰውን መርዳትና ማስተማር የሚወዱ፣ ማደራጀትና መነገድ የሚወዱ፣ መዝገብና ሥርዓት የሚወዱ። አስተሳሰቡ የረባ ነው፤ በአማካሪዎች ዘንድም እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ሆኖም መለኪያው የሚያደርገው ልጅቷ ስለ ራሷ የተናገረችውን አደራጅቶ መመለስ ነው። «በቤተ ሙከራ መሥራት ትወጃለሽ?» ተብላ ስትጠየቅ ቤተ ሙከራ ገብታ የማታውቅ ልጅ የምትመልሰው ከቴሌቪዥን ያየችውን ነው። ከሥራ በፊት የተሞላ መጠይቅ ከግምት አያልፍም፣ ስለዚህ ገንዘብዎን ይያዙ። ከክረምቱ በኋላ፣ አንዳንድ ነገር ከሞከረች ወዲያ፣ በነፃ ከሚገኙት አንዱን ብትሞላ ግን ጥሩ መወያያ ይሆናችኋል።

አሁን ማድረግ የሚችሉት አለ። አንድ ቅዳሜ የዓመቱን ደብተሮቿን፣ የቡድን ሥራዎቿንና የፈተና ወረቀቶቿን ጠረጴዛ ላይ ታውጣና አብራችሁ ተመልከቷቸው። ስለ ውጤት አይጠይቋት። የትኛውን ሥራ ማንም ሳያዛት ደግማ ሠራችው? የትኛውን ስትሠራ ሰዓቱ ሳታውቀው ሄደ? የትኛውን ለጓደኛዋ አስረዳች? የትኛውን ደግሞ ፈተናው ባለቀ ማግስት ረሳችው? ሁሉም ትምህርት 78 ሆኖ ሳለ አንዱ 78 ሌሊት ተሸምድዶ የመጣ፣ ሌላው ወድዳው ያገኘችው ሊሆን ይችላል፤ ሰርተፍኬቱ ይህን ለይቶ አያሳይም፣ ደብተሩ ግን ያሳያል። ኅዳጉ ላይ በራሷ የጻፈችው ጥያቄ፣ መምህሩ ያላዘዘው ሥዕላዊ መግለጫ፣ ሁለት ጊዜ ተሰርዞ በሦስተኛው የተስተካከለ ስሌት፣ እነዚህን ይፈልጉ።

ቀጥሎ ክረምቱን ይጠቀሙበት። እርስዎ ያሉበት ሰፈር ለዚህ ምቹ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በእግር የሚደረስ ነው፣ በ2015 ዓ.ም. የተመረቀው የሳይንስ ሙዚየምም ሩቅ አይደለም። መጎብኘት ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሥራ ትያዝ። ለሰፈር ሕፃናት ሒሳብ ታስጠና፤ ሱቅ ያላት አክስት ካለች የወሩን ገቢና ወጪ ትመዝግብላት፤ ከተቻለም መድኃኒት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ከሚሠራ ዘመድ ጋር ጥቂት ቀናት ትዋል። በእያንዳንዱ ቀን ማታ ሦስት መስመር ትጻፍ፤ ምን ሠራሁ፣ ምኑ አስደሰተኝ፣ ምኑ አሰለቸኝ። አባቷም ሐሳባቸውን መተው የለባቸውም፤ ሐኪም ከሆነ ወዳጃቸው ጋር ያገናኟትና ስለ ተረኛ ሌሊት፣ ስለ ትምህርቱ ርዝመት፣ ስለሚያስደስተውም ጭምር በቀጥታ ትስማ። ከዚያ በኋላ «ሐኪም እሆናለሁ» ብትል ውሳኔው የእርሷ ነው።

ስለ ምርጫው ክብደት አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ በሁለቱም ዘርፍ የ12ኛ ክፍል ፈተና አሉ፤ ናቹራል ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ሲጨምር ሶሻል ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይጨምራል። ከሶሻል ወደ ሕክምናና ወደ ኢንጂነሪንግ አይገባም፤ ይህ በግልጽ መታወቅ አለበት። ከዚያ ወዲህ ግን በመስከረም የምትመርጠው ሙያ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ስትገባም የመጀመሪያው ዓመት በጋራ ትምህርቶች የሚያልፍ በመሆኑ የትምህርት ክፍል የምትመርጠው ከዚያ በኋላ ነው። ሦስት ዓመት ከፊቷ አለ።

አዲሱ ትምህርት ለምን አልረዳትም ላሉት፣ ሥርዓተ ትምህርት ጊዜና ፈቃድ ይሰጣል እንጂ ልጅን አይመለከትም። የሚመለከት ሰው ያስፈልጋል። ብዙ ትምህርት ቤቶች በሙያው የሠለጠነ አማካሪ የላቸውም፤ የክበባት ሰዓትም ፈተና ሲቃረብ ቀድሞ የሚታጠፈው ነው። ይህን በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ያንሱት። በየስብሰባው ስለ ክፍያና ስለ ዩኒፎርም ከምንነጋገረው ጊዜ ግማሹን ስለዚህ ብንነጋገርበት ኖሮ ብዙ ነገር በተቀየረ ነበር።

«ፕሮጀክቱን የሚሠራው ፎቶ ኮፒ ቤቱ ነው»

«ልጄ 9ኛ ክፍል ነው። ‹ፕሮጀክት ታዘዝን› ባለ ቁጥር ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት እንሄዳለን፤ እዚያ ያሉት ልጆች ከኢንተርኔት አውርደው፣ በቀለም አትመው፣ ጠርዘው ይሰጡናል። እከፍላለሁ፤ ልጄም ከ10 ዘጠኝ ያገኛል። ውስጡ ምን እንደሚል ግን አያውቅም። አለመክፈል ደግሞ ልጁን ከጓደኞቹ በታች ማድረግ መሰለኝ።» (አባት፣ ከካዛንቺስ)

አይክፈሉ። የክፍል ኃላፊውን መምህር አነጋግረው «ልጄ በደብተር ወረቀት፣ በእጅ ጽሑፉ፣ ራሱ የሠራውን ያመጣል፤ ቆሞ እንዲያስረዳም ይጠየቅ» ይበሏቸው። ውጤቱ የመጀመሪያው ጊዜ ከዘጠኝ ወደ ስድስት ቢወርድ ይታገሱ፤ ስድስቱ የእርሱ ናቸውና ከየት እንደሚጀምር ያሳዩታል። መምህራንንም የምጠይቀው አለ፤ ከውጤቱ ግማሹ በቃል ማስረዳት ላይ ቢሆን በቀለም የታተመው ሽፋን ዋጋ ያጣል፣ የድሃ ልጅም ከሀብታም ልጅ እኩል ይቆማል።

«58 ተማሪ ይዤ ማንን ልመዝን?»

«የፊዚክስ መምህር ነኝ። በአንድ ክፍል 58 ተማሪዎች አሉኝ፤ በሳምንት በርካታ ክፍሎች አስተምራለሁ። የመምህር መምሪያው ‹ተማሪው እንዲያገኘው አድርግ፣ በተግባር መዝን› ይላል። ቤተ ሙከራችን ከመዘጋት አልፎ ዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል። በዚያ ላይ ብሔራዊ ፈተናው ምርጫ ብቻ ነው። በተግባር ሥራ የማጠፋው ሰዓት ከፈተና ዝግጅታቸው ላይ የምሰርቀው ይመስለኛል። ተከታታይ ምዘናም እንደምታውቁት ትንንሽ ፈተና ከመደራረብ አላለፈም። በሐቀኝነት ምን ማድረግ እችላለሁ?» (መምህር፣ ከልደታ)

መምህር፣ ጥያቄዎ ከሁሉም የከበደ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ።

ከሰዓቱ እንጀምር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር መሰጠት ሲጀምር የታየው ይህ ነው። እነዚህ ልጆች ወርክሺት ያልሠሩ፣ ሞዴል ፈተና ያልተፈተኑ፣ ቱቶሪያል ያልገቡ አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ለዓመታት ምርጫ ሲያከብቡ የቆዩ ናቸው። የውጤቱ መነሻ ብዙ ነው፤ የመጻሕፍት እጥረት፣ የመምህራን ሁኔታ፣ በየአካባቢው የነበረው ጦርነት፣ ከታች ክፍል የተንከባለለ ክፍተት ሁሉ አሉበት። ይሁን እንጂ ምርጫ በመደጋገም የተገኘ ደኅንነት እንደሌለ ለማሳየት ይህ ይበቃል። በተግባር ሥራ ላይ የሚውለው ሰዓት ከፈተና ይሰረቃል የሚለውን ስጋት ስለዚህ አልጋራም፤ የምርጫ ጥያቄም ቢሆን ነገሩን የገባው ልጅ የሚመልሰው ነው።

የተዘጋው ቤተ ሙከራ ደግሞ የማያስቀርብዎ ሥራ አለ። አንድ ሜትር ክር፣ ጫፉ ላይ የታሰረ ጠጠር፣ ሰዓት ያለው አንድ ስልክ። ተማሪዎቹን ስድስት ስድስት አድርገው ይክፈሏቸው፤ ወደ አሥር ቡድን ይሆናሉ። ጠጠሩን በትንሹ ወደ ጎን ስበው ይልቀቁት፤ 20 ጊዜ ሄዶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ ይለኩ። ወደ 40 ሰከንድ መሆን አለበት፤ ከዚያም መጽሐፉ ባለው ቀመር የ«ጂ»ን፣ ማለትም የመሬት ስበት ፍጥንጥነትን፣ ዋጋ ያወጣሉ።

አሁን ክፍሉን ይመልከቱ። አንዱ ቡድን 38 ሰከንድ ያገኛል፣ «ጂ»ም ወደ 11 ይጠጋል። ምክንያቱ ቆጣሪው ጠጠሩን ሲለቅ «አንድ» ብሎ መጀመሩ ነው፤ «ሃያ» ሲል የተቆጠረው 19 ነው። ሌላው ቡድን 9.5 ያገኛል፤ ክሩን የለካው እስከ ቋጠሮው ብቻ ስለሆነ ነው፣ መለካት ያለበት እስከ ጠጠሩ መካከል ነበርና። ሦስተኛው ቡድን ሳይለካ ከመጽሐፉ 9.8 ገልብጦ ይጽፋል። በድሮው አሰጣጥ ሙሉ ነጥብ የሚያገኘው ይህ ሦስተኛው ነው። በብቃት ሲመዘን ግን ትልቁን ነጥብ የሚወስደው 11 አግኝቶ «ይህ ትክክል አይመስልም፣ የት ተሳሳትን?» ብሎ ተመልሶ የቆጠረው ነው። ዕውቀት፣ ክህሎትና አመለካከት በአንድ ላይ ተጣምረው የሚታዩት እዚህ ላይ ነው፤ ልኬቱን ማወቅ፣ በእጅ መሥራት፣ ያገኙትን ሳይደብቁ መመርመር።

ስለ ራስ ማወቅ የሚነገረውም የሚጀምረው ከዚሁ ሥራ ነው። በዚያ ቡድን ውስጥ አንዷ የቆጠራውን ስህተት ያገኘች ናት፤ አንዱ ክሩ እንዳይንሸራተት ከወንበር እግር ጋር ያሰረ ነው፤ አንዱ ጽሑፉን አሳምሮ ያቀረበ ነው፤ አንዷ ሁለት ሲጣሉ ያስማማች ናት። 16 ዓመት የሞላው ልጅ ይህን ስለ ራሱ አያውቅም፣ ምክንያቱም ለእርሱ የሠራው ነገር ቀላል ስለሆነ ሁሉም የሚችለው ይመስለዋል። «ጎበዝ» ብሎ ማለፍ አይረዳውም። «ስህተቱ ከቆጠራው እንደመጣ ያገኘሽው አንቺ ነሽ፤ ባለፈው ወርም በሙቀት ልኬቱ ላይ ይህንኑ አድርገሻል» ሲባል ግን የሚይዘው ነገር ያገኛል። እንዲህ ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር በዓመት ሁለት ጊዜ ከሁለት መምህራን የሰማ ተማሪ ከማንኛውም የዝንባሌ መጠይቅ የበለጠ ስለ ራሱ ያውቃል፤ በዚህ አምናለሁ።

አፈጻጸሙን በተመለከተ 58ቱን በአንድ ቀን ለመመዘን አይሞክሩ። በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለት ቡድን ብቻ በቅርብ ይመልከቱ፤ በአምስት ክፍለ ጊዜ አሥሩም ይዳረሳሉ። መስፈርትዎ አራት መስመር ይበቃዋል፤ በጥንቃቄ ለካ ወይ? ያገኘውን እንዳለ መዘገበ ወይ? የስህተት ምንጭ ፈለገ ወይ? ለሌላው ማስረዳት ቻለ ወይ? መስፈርቱን ለተማሪዎቹ አስቀድመው ይስጧቸው፤ ራሳቸውንም በእርሱ ይመዝኑ፣ የእርስዎንና የእነርሱን ጎን ለጎን አድርገው ያወያዩባቸው። ከአንድ ለአምስት አደረጃጀት ያየነው ችግር አለ፤ አንዱ ጎበዝ ይሠራል፣ ሌሎቹ ስማቸውን ያስፈርማሉ። ይህን የሚያቆመው በየጊዜው ሚና ማቀያየርና ማስረዳቱን ከቡድኑ በዕጣ ለወጣ ልጅ መስጠት ነው፤ የቡድኑ ነጥብም በዚያ ልጅ ማስረዳት ላይ ይሁን። ያን ጊዜ ጎበዙ ራሱ ጓደኞቹን ማስረዳት ይጀምራል።

በሴሚስተር እንዲህ ያለ ሥራ ሁለት ይበቃል። የቀረውን ሰዓት እንደ ልማድዎ ያስተምሩ፤ ማስረዳትና ልምምድ የሚናቁ አይደሉም፣ ተማሪው ምንም ሳያውቅ «ራስህ አግኘው» መባሉም በደል ነው። በምዘና ረገድ ያለው እውነተኛ ግጭት ግን በእርስዎ ትከሻ የሚፈታ አይደለም። ብሔራዊ ፈተናው ከ600 ታስቦ ሙሉ በሙሉ በምርጫ ጥያቄ እስከተሰጠ ድረስ፣ ተማሪው በእጁ የሠራውና በአንደበቱ ያስረዳው ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ አይቆጠርለትም። ከትምህርት ቤት የሚመጣ የተግባር ውጤት፣ በሚገባ ተመሳክሮና ተመርምሮ፣ ትንሽ ድርሻ ቢኖረው የሚል አቋም አለኝ። የሚነሳው ስጋት ትምህርት ቤቶች ነጥብ ያድላሉ የሚል ነው፤ ስጋቱም ተገቢ ነው። እንግዲያው መነጋገር ያለብን እንዴት እንደሚመሳከር ነው።

«እኛስ እንደ ኬንያ ብናደርግ?»

«ወንድሜ ናይሮቢ ይኖራል። የእርሱ ልጅ ከ10ኛ ክፍል ጀምሮ ከሦስት መስመር አንዱን ይመርጣል፤ ኪነ ጥበብና ስፖርትም አለበት። የእኛ ናቹራልና ሶሻል ብቻ መሆኑ ልጆቻችንን አይጎዳም?» (አባት፣ ከሜክሲኮ አካባቢ)

ኬንያ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትሠራበት የነበረውን 8-4-4 የተባለ ሥርዓት ከ2017 እ.ኤ.አ. አንስቶ በብቃት ተኮሩ 2-6-3-3-3 መተካት ጀመረች። ሁለት ዓመት ቅድመ መደበኛ፣ ስድስት ዓመት የመጀመሪያ ደረጃ፣ ሦስት ዓመት መለስተኛ፣ ሦስት ዓመት ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ፣ ሦስት ዓመት ደግሞ ከዚያ በላይ ያለው ትምህርት ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች 10ኛ ክፍል የገቡት በጥር 2026 እ.ኤ.አ. ሲሆን መስመሮቹ ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምሕንድስናና ሒሳብ በአንድ ወገን፣ ማኅበራዊ ሳይንስ በሁለተኛው፣ ኪነ ጥበብና ስፖርት ሳይንስ በሦስተኛው ናቸው። በራስ ችሎታ መተማመንም ከሰባቱ ዋና ዋና ብቃቶች እንደ አንዱ በግልጽ ተቀምጧል፤ ይህን እወድላቸዋለሁ።

ነገር ግን መስመር መብዛቱ ብቻውን ልጅን አይጠቅምም። የሙዚቃ መምህርና መሣሪያ በሌለው ትምህርት ቤት የኪነ ጥበብ መስመር ከስም አያልፍም፤ ኬንያውያን ወላጆችም ለተግባር ሥራ የሚጠየቁት ቁሳቁስ ኪሳቸውን እንደጎዳው ሲያማርሩ ቆይተዋል። የእኛም ሥርዓተ ትምህርት ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል የሙያና የቴክኒክ ትምህርት ያሰበ ነው፤ ግብርና እንኳ ለናቹራል ተማሪዎች መጽሐፍ ተዘጋጅቶለት ገብቷል። ወርክሾፕ፣ እርሻና አሠልጣኝ የሌለበት ትምህርት ቤት ግን ያንኑ ግብርና በጥቁር ሰሌዳ ያስተምራል። ወንድምዎን ሲያገኙት ስለ መስመሩ ስም ሳይሆን ልጁ ባለፈው ሳምንት በእጁ ምን እንደሠራ ይጠይቁት። የእርስዎንም ልጅ እንዲሁ።

«ሥዕል እወዳለሁ፣ የተመደብኩት ግን ናቹራል ነው»

«11ኛ ክፍል ናቹራል ነኝ። ከሁሉ የምወደው መሣል ነው። የባዮሎጂ ደብተሬ ኅዳጎች በሙሉ ሥዕል ናቸው፤ መምህራችን የልብን ክፍሎች የሣልኩትን ለክፍሉ አሳይታልኛለች። አባዬ ‹ሥዕል እንጀራ አይሆንም፣ ትምህርትሽን አትበድዪ› ይለኛል። ተሳስቼ ነው ናቹራል የገባሁት? ልውጣ?» (ተማሪ፣ ከፒያሳ)

የኔ እህት፣ አትውጪ፤ መሣሉንም አትተይ። በአንድ ላይ የሚሄዱባቸው ቦታዎች በቅርብሽ አሉ። ልደታ ያለው፣ ሰው ሕንፃ ኮሌጅ የሚለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተቋም ሥነ ሕንፃ ያስተምራል፤ ወደዚያ የሚወስደው ናቹራል ነው፣ ሒሳብና ፊዚክስ ይፈልጋል፣ እጅሽንም ይፈልጋል። በ1950 ዓ.ም. የተመሠረተውና በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ስም የሚጠራው የሥነ ጥበባት ትምህርት ቤትም የዚያው ዩኒቨርሲቲ አካል ነው፤ ሊገባበት የሚፈልግ ሰው በመግቢያ ፈተናው መሣል መቻሉን ማሳየት አለበት። የልብን ክፍሎች በትክክል መሣልሽም ራሱን የቻለ ሙያ ያለው ነገር ነው፤ የሕክምናና የሳይንስ መጻሕፍት እንዲህ ያለ ሥዕል የሚሠራ ሰው ይፈልጋሉ።

አባትሽ የሚፈሩት ስለ ኑሮሽ ስለሆነ በክርክር አታሸንፊያቸውም፤ መሞከርም የለብሽም። ሥራሽን አሳዪያቸው። ከዛሬ ጀምሮ ወፍራም ወረቀት ያለው አንድ ደብተር ይዘሽ በየሳምንቱ አንድ ሙሉ ሥዕል ሥሪ፤ ቀኑን ጻፊበት፤ የማትወጂውንም አትቅደጂው። ከአእምሮሽ ብቻ አትሣዪ፣ የምታይውን ሣዪ፤ የእናትሽን እጅ ቡና ስትቀዳ፣ ጊዮርጊስ ደጃፍ የተቀመጡትን ሰዎች፣ የታክሲ ተራውን። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሄደሽ አንድ ቅርስ ፊት ረጅም ጊዜ ተቀመጪና ሣዪው፤ ብዙ ጎብኚ ድንቅነሽን አይቶ ስለሚወጣ ሌሎቹ ክፍሎች ጸጥ ይላሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ጎን ለጎን አድርጊና ተመልከቺ። ከተሻሻለ፣ አንቺም ያለ ማንም ግፊት ከቀጠልሽበት፣ ያን ጊዜ ስለ ራስሽ የምትይዢው ማስረጃ አለሽ። በመካከል ከሰለቸሽም ይህ ራሱ ትልቅ ዕውቀት ነውና አትፈሪው፤ መሣል ለብዙ ሰው ሙያ ሳይሆን የዕድሜ ልክ ደስታ ነው።

የባዮሎጂ መምህርትሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ፤ ለቀጣዩ ፕሮጀክት ከተጻፈ ሪፖርት ይልቅ ማብራሪያ ያለው የሥዕል ሰሌዳ እንድታቀርቢ ትፍቀድልሽ። አዲሱ ምዘና ይህን አይከለክልም። ሰሌዳውን ስትሠሪ የደም ዝውውሩን አቅጣጫ በቀስት ሳትሳሳቺ ማሳየት ስለሚኖርብሽ ከማንም የበለጠ ትምህርቱን ታጠኚዋለሽ፤ ለአባትሽም ትምህርቱን እንዳልበደልሽው የሚያሳየው ይኸው ነው። የመግቢያ መስፈርት በየዓመቱ ሊሻሻል ስለሚችል 12ኛ ክፍል ከመጨረስሽ በፊት ሁለቱም ተቋማት ጋ ሄደሽ ሬጅስትራር ጠይቂ፤ ስትሄጂ አባትሽ አብረውሽ ቢሄዱ ደስ ይለኛል።